ሰባ ሁለት ጉድጓድ በአራት ደቂቃ

እጄ ጥሩ ነው። ይህን ስል አላፍርም፤ ኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ላይ ከመቀመጡ በፊት ግራፍ የምሠራው በሚሊሜትር ወረቀት፣ በማስመሪያና በባለቀለም እርሳስ ነበር፣ እጁ የማይታዘዝለት ሰው አይሞክረውም። አንዱን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። መሃል ላይ ከተሳሳትኩ ላጲሱ ወረቀቱን ስለሚያሻክረው እንደገና መጀመር ነው። ሰዎች ሥራዬን አይተው «ማተሚያ ቤት ያሠራሽው ይመስላል» ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። ያንን ሁሉ ሙያዬን በአንድ ቀን ከንቱ ያደረገብኝን ፕሮግራም ልጠላው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት፤ በጣም ወደድኩት፣ መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። የምሠራው ሐረር ዙሪያ ያሉ የገጠር ጉድጓዶችን የውሃ መጠን በሚከታተል አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት ውስጥ ነበር። አነስተኛ ስል ቀልዴን አይደለም፤ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ሹፌር፣ መረጃ አጠናቃሪዋ እኔ፣ አራተኛው ደግሞ ሁላችንም ሳንቀጠር በፊት የነበሩት ለኪያችን። ቢሯችን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ባጃጅ ሲጮህበት በሚውል መንገድ ዳር፣ ሁለት ክፍል ብቻ ነበር።

ለኪያችን የጀጎል ሰው ናቸው፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ገጠር ውለው ሲመጡ እንኳ ነጭ ኮፍያቸው አቧራ የማይታይበት። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስለ ጉድጓዶቹ ሲያወሩ «ሰባ ሁለት ጉድጓድ አሉኝ» ይላሉ፣ የራሳቸው ልጆች ይመስል። ሐኪም ከሚባለው ጋራ ሥር ይጀምሩና ድሬ ጠያራን አዳርሰው፣ ከጁምዓ በቀር በቀን ሦስት ሦስት እየለኩ፣ ሁሉንም በወር አንድ ጊዜ ይጎበኛሉ። ተራው አይዛነፍም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የመጀመሪያዋ ጉድጓድ አፍ ላይ ናቸው። ጳጉሜን ገመዳቸውን የሚያድሱባት ናት። የሜትር ገመዱን ጫፍ ጠመኔ ቀብተው ቀስ እያሉ ያወርዱታል፤ ሲያወጡት ጠመኔው የት ድረስ እንደራሰ አይተው ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ከሦስተኛው ጉድጓድ በኋላ እግሬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ጥላ ሥር ቆመው በትዕግሥት ጠበቁኝ።

አዲሱ ኃላፊያችን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ሥራ የሚወድ፣ ግን ሁሉን የሚጠራጠር ሰው ነበር። በመጣ በወሩ ወሬ ደረሰው፤ ሰውየው ከገበሬዎች ጋር ጫት ላይ ቁጭ ብለው ነው ደብተሩን የሚሞሉት የሚል ወሬ። ማን እንዳወራው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባውቅ ልኩን እነግረው ነበር። ኃላፊው ጠርቶኝ በሩን ዘጋና፣ «አንድ ሰው ብቻውን፣ ማንም ሳያየው፣ አሥራ አንድ ዓመት ለካ ብዬ ሪፖርት ላይ ልፈርም?» አለኝ። «የእያንዳንዱን ጉድጓድ ግራፍ ለየብቻ ሠርተሽ አምጪልኝ። ማክሰኞ እናየዋለን። እውነት ከሆነ ይታተማል። ካልሆነ ደብተሮቹ ይጣላሉ፣ እሳቸውም ይሰናበታሉ።»

ነገሩን ሳስበው ጨነቀኝ። ሥራ ማጣቱ እንኳ ቢቀር፣ በዚያ ዕድሜያቸው ውሸታም ተብለው ወደ ጀጎል ሊመለሱ ነው። ግራፎቹን በእጄ ልሥራ ብል ሠላሳ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ ያለኝ አምስት ቀን ነው።

ያን ጊዜ ከአንድ ሥልጠና በሲዲ ይዤው የመጣሁት ፕሮግራም ትዝ አለኝ። ለስታቲስቲክስ ሥራ የተዘጋጀ፣ በነፃ የሚገኝ፤ ስሙ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ፣ አር። እንደ ሌሎቹ የሚጫኑት ሥዕልና ምልክት የለውም። ባዶ መስኮት ይከፍትና ቁጭ ይላል፤ የፈለጉትን ጽፎ ማዘዝ ነው። አንዲት ቅንፍ ከረሱ በቀይ ጽሑፍ ይቆጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ሲቆጣኝ ዋለ፤ እኔም በአማርኛ መለስኩለት፣ ምን እንዳልኩት እዚህ አይጻፍም። ደግነቱ የደብተሮቹን ቁጥሮች ያለፈውን ክረምት ሙሉ ተቀምጬ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቻቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለአንድ ጉድጓድ የሚሠራ ትእዛዝ ወጣልኝ። ለሙከራ የመረጥኳት ጉድጓድ ስክሪኑ ላይ መስመሯን ዘረጋች። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያንኑ ትእዛዝ በሌላ ትእዛዝ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ «ከአንደኛው እስከ ሰባ ሁለተኛው ጉድጓድ ይህንኑ ድገም፣ በየዙሩ ርዕሱን ቀይር፣ እያንዳንዱን ሥዕል በጉድጓዱ ስም ሰይመህ አስቀምጥ» የሚል። ሁሉ ተደምሮ አሥራ አምስት መስመር አይሞላም። አስነሳሁትና እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ባዶ የነበረው ማህደር ውስጥ አንድ ፋይል ታየ፣ ከዚያ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ ሁለት። የሰው እጅ ሳይነካቸው፣ ላጲስ ሳይፈልጉ፣ ስማቸውን ይዘው እየመጡ ተሰለፉ። በአራት ደቂቃ ሰባ ሁለት። እልል አልኩ፤ እውነቴን ነው። ሹፌራችን ደንግጦ እየሮጠ ገባ።

«አቦ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እየው! ሰባ ሁለት ግራፍ! በአራት ደቂቃ!»

«ማነው የሚሥለው?»

«እኔ ነኛ!»

ስክሪኑንና እጄን እያፈራረቀ አየ። «አንቺማ ቁጭ ብለሻል» አለኝ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እርግማን ሁሉ ረሳሁት። ያንን ፕሮግራም ቁጭ ብለው አስበው፣ ጽፈው፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይሁን ብለው በነፃ የሰጡትን ሰዎች በልቤ መረቅኋቸው። ከሥዕሎቹ አንዱን ከፍቼ አየሁ፤ ያማረ ነበር። የቀሩትን ምን ብዬ ልክፈት? በፍላሽ ገልብጬ ለኃላፊው ሰጠሁት። በእጄ ስሠራ አንዲት ነጥብ ሦስት ጊዜ የማረጋግጥ ሴት፣ ሰባ አንድ ሥዕል ሳላይ አስረከብኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አራታችንም ኃላፊው ክፍል ተሰበሰብን። ሥዕሎቹን አትሟቸው ነበር። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ወደ ለኪያችን ዞረ።

«አባቴ፣» አለ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ሰባ ሁለት ጉድጓድ እኩል ሲሞላ፣ እኩል ሲጎድል አይተው ያውቃሉ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ርዕሱ የተለያየ፣ መስመሩ ግን አንድ ነው። ሁሉም ላይ ያው ቁልቁለት፣ ያው አቀበት። ቁጥሮቹን አንዴ ፈጥሮ ሰባ ሁለት ቦታ የገለበጠ ሰው ሥራ ይመስል ነበር። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ለአፍታ እኔም እሳቸውን ጠረጠርኩ።

እሳቸው አልተቆጡም። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጠራርገው አደረጉና አንዱን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ በፊት ግራፍ ካዩ የእኔን የእጅ ሥራ ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ሄደ።

«ይህቺ የሾላዋ ናት» አሉ። «ይኸው ጥር ላይ ትወርዳለች። የበልጉ ዝናብ ሲገባ አትቸኩልም፤ ከሌሎቹ ኋላ ነው የምትነሳው። እዚህ ጋ ወርዳ የቆየችው ደግሞ አፏ ተንዶባት፣ መንደሩ እስኪጠርጋት ድረስ ነው።» ወረቀቱን አስቀምጠው ሌላ አነሱ። «ይህችም የሾላዋ ናት።» ሦስተኛ አነሱ፣ አራተኛ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ የሾላዋን ደጋግመሽ ሥለሻታል። ሌሎቹን የት አደረግሻቸው?»

ለሙከራ የመረጥኳት ጉድጓድ ሾላ ዛፍ ሥር ያለችው ነበረች።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስህተቱን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ለሙከራ ብዬ የጻፍኩትን የሾላዋን መለያ ቁጥር ሳላወጣው ቀርቻለሁ። ፕሮግራሙ በየዙሩ ርዕሱንና የፋይሉን ስም ይቀይራል፤ ውሃውን ግን ሰባ ሁለቱንም ጊዜ ከዚያችው ከሾላዋ ይቀዳል። ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። «ጥፋቱ የእኔ ነው! የእሳቸው አይደለም!» አልኩ፤ ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ። አንዲት ቃል ለውጬ እንደገና አስነሳሁትና አራታችንም ስክሪኑን ከበን ጠበቅን።

አሁን የመጡት ሰባ ሁለት የተለያዩ ጉድጓዶች ነበሩ። አንዷ ክረምት ሲገባ ተስፈንጥራ ትነሳለች፣ አንዷ ዓመቱን ሙሉ አትነቃነቅም፣ አንዷ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየወረደች ነው። ኃላፊው ርዕሱን በመዳፉ ሸፈነና ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረ። ገባቸው፤ ፈገግ አሉ።

«ይህቺ የመስጊዱ ሥር ናት። ይህቺ ኩሩዋ ናት፣ በጋ ሆነ ክረምት ግድ የላትም። ይህቺ ሚስኪን ደግሞ እየደከመች ነው፣ ለመንደሩ ነግሬያቸዋለሁ።»

ከሃያ በላይ ሸፍኖ ጠየቃቸው። አንዷንም አልሳቱም። ሰው ቁጥርን እንዲህ ሊያውቀው እንደሚችል አላውቅም ነበር። እኔ ክረምቱን ሙሉ እነዚያኑ ቁጥሮች በጣቴ አስገብቻለሁ፣ አንዷን ጉድጓድ እንኳ ለይቼ አላውቅም። እሳቸው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ ግን መስመሮቹን ሁሉ ያውቋቸዋል። የዚያን ቀን እንደ እሳቸው ያደነቅሁት ሰው የለም፤ እንዲያው ተነስቼ ጉልበታቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

ኃላፊው ግን ገና አልጨረሰም። «ይሄስ?» አለ። በየሥዕሉ ላይ መስመሩ ሦስት አራት ቦታ ይቆረጣል። ፕሮግራሙ ቁጥር ያላገኘበትን ወር ከራሱ አይሞላም፤ ክፍት አድርጎ ያልፈዋል።

«ያን ጊዜ አልሄድኩም» አሉ።

«ታመው ነበር?»

አዎ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። «የለም፣ ደህና ነበርኩ። ያኔ የነበረውን ኃላፊ በቃል አስፈቅጄ ነው።»

«የት ሄደው ነበር?»

«እሱን ለእኔ ተወው፣ ልጄ።»

የቀድሞው ኃላፊ ከሄደ ቆይቷል፤ በወረቀት የተጻፈ ነገርም የለም። ኃላፊው ወንበሩን ገፋ አደረገ። «በየዓመቱ ሃያ ምናምን ጉድጓድ ይዘላሉ፣ የት እንደነበሩም አይነግሩኝም። ታዲያ የቀረውን እንዴት አምናለሁ? ነገ ጠዋት እወስናለሁ» አለ። ሹፌሩ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እሳቸው ዞረው ሲያዩት መልሶ ዘጋው።

ኮሪደር ላይ ተከትያቸው ወጣሁ። «ጋሼ፣ አንዲት መስመር ብጨምርበት ክፍተቱን በአማካይ ይሞላዋል። መስመሩ አይቆረጥም፣ ማንም አይጠይቅም» አልኳቸው በሹክሹክታ። ሳስበው ሞኝነቴ ይገርመኛል፤ የሐሰት ቁጥር በመጻፍ የተጠረጠሩትን ሰው በሐሰት ቁጥር ላድን ነበር።

«ወላሂ አይሆንም» አሉኝ። «ያላየሁትን ውሃ አየ አታስብዪኝ።» ከዘራቸውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አልገፋ አለኝ። እልህ ያዘኝና ፕሮግራሙን እንደገና ከፈትኩ። ሥዕሎቹን በስም ተራ ሳይሆን እሳቸው በሚዞሩበት ተራ፣ እያንዳንዷን ጉድጓድ እንደ ቀጭን ጥብጣብ፣ አንዷን ከሌላዋ ሥር አድርጎ እንዲደረድርልኝ አዘዝኩት። በእጄ ቢሆን ይህን አላስበውም ነበር፤ ማን ሰባ ሁለት ግራፍ ደግሞ ይሥላል? እሱ ግን አይሰለቸውም። አትሜ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች በፕላስተር ለጠፍኩትና ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ክፍተቶቹ የተበታተኑ አልነበሩም። በመጀመሪያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ በዙሩ ማብቂያ ያሉት ጉድጓዶች ላይ አንድ ላይ ተከማችተዋል። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ መሃል ያሉት ጉድጓዶች ላይ። ከዚያ ኅዳር ማለቂያና ታኅሣሥ መባቻ ላይ። እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ጥቅምት፣ ወደ መስከረም፣ በመጨረሻም እስከ ነሐሴ ደረጃ ሠርተው ይሄዳሉ። ሁልጊዜ አሥር ቀን ያህል ነው፤ ሁልጊዜም ካለፈው ዓመት አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ይቀድማል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ ናቸው። ግን ሐረር ያደገ ሰው የጎረቤቱ ኢድ በየዓመቱ በስንት ቀን እንደሚቀድም ያውቃል፤ በልጅነታችን የምንጠብቀው ጣፋጭ ስላለ እንቆጥራለን። ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ።

ሹፌሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «የረመዳን መጨረሻ አሥሩ ናቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «መስጊድ ገብተው፣ ሳይወጡ ለጸሎት ይቀመጣሉ፤ ኢዕቲካፍ ነው። ሃያውን ቀን ጾመው ይለካሉ፣ አሥሩን ለአላህ ይሰጣሉ። እኔ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?»

«ለአላህ የሠሩትን ኢባዳ ለጥቅም ያወሩት እንደሆነ ምን ይቀራል? እሳቸው ካልፈቀዱ እኔ ማን ነኝ?»

የሰማሁትን ሰምቼ ልቤ አልቻለም። ሮጬ ኃላፊውን ጎትቼ አመጣሁት። ግድግዳው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ፤ በጣቱ ደረጃውን እየተከተለ ዓመቶቹን ቆጠረ። «አሥራ አንድ ዓመት፣» አለ በመጨረሻ፣ «ያልለኩትን ባዶ ትተውታል። መሙላት እኮ ቀላል ነበር።» በማግስቱ ማለዳ ጀጎል ድረስ ሄዶ እቤታቸው በር ላይ ይቅርታ እንደጠየቃቸው የሰማሁት ከሹፌሩ ነው። ትልቅ ሰው ሆነብኝ።

ረፋድ ላይ ሁለቱ አብረው መጡ። እኔ ፊቴ በርቶ ጠበቅኋቸው፣ ምርቃት የምቀበል መስሎኝ። እሳቸው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ማነው የነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም ጋሼ። ግራፉ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት በእኔና በአላህ መካከል ብቻ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ውሸታም እንዲባሉ አልፈለግኩም» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«አውቃለሁ፤ ኒያሽ ጥሩ ነው፣ ክፉ አላሰብሽም። ግን አውርጂው።»

አንድ በአንድ አወረድኩት። ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞ ሲነሳ ሹፌሩ አገዘኝ። ወረቀቶቹን አጥፌ ስሰጣቸው እቅፋቸው ውስጥ አስገቡና ወደ ላፕቶፑ ተመለከቱ።

«እሱ ውስጥስ አለ?»

«አለ። ካዘዝኩት እንደገና ያወጣዋል።»

«ካላዘዝሽውስ?»

«ዝም ይላል።»

«እንግዲያው አትዘዥው» አሉኝ።

ሪፖርቱ ሰባ ሁለቱንም ግራፎች ይዞ ታተመ። ጉድጓዶቹን በፊደል ተራ ደረደርኳቸው፤ እንዲያ ሲሆኑ ክፍተቶቹ ተበታትነው ምንም አይናገሩም። እሳቸው ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ ለኩ፣ በየዓመቱም ክፍት ቦታዎቻቸውን ተዉ፤ አዳዲሶቹን ቁጥሮች እያስገባሁ ግራፎቹን ስንት ጊዜ እንዳወጣኋቸው አላስታውስም፣ በዚያ ተራ ግን አንድም ቀን አላዘዝኩም። አሁን እሳቸው የሉም። ይህን የምጽፈው ያንን ግድግዳ ብቻዬን ይዤው መቆየት ስላቃተኝ ነው። ስማቸውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ያልጠራሁት ረስቼው አይደለም።